ያገለገለ ግሬደር፦ ርካሽ ግዢ ወይስ የዘገየ ወጪ?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ በመወሰኑ ከውጭ የሚገባ አዲስ ማሽን በብር ሲሰላ ዋጋው አሻቅቧል። ያገለገለ ግሬደር አማራጭ ሆኖ መታየቱም ከዚህ የመነጨ ነው።

ይሁንና የግዢው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሞተሩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ምላጩን የሚያዞረው ጥርሳም ቀለበት ከተበላ መንገዱ ወለል ብሎ አይስተካከልም። የኋላ ጎማዎቹን በሚነዱት ሰንሰለቶች ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ መገኘቱ ደግሞ ከባድ ጥገናን ያመለክታል።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ማሽኑ በሥራ ላይ ሊፈተሽ፣ የመለዋወጫው ዋጋና መገኛም ሊታወቅ ይገባል። የገጠር መንገድ የሚጠገነው በበጋ ነው፤ በጋውን መለዋወጫ ሲጠብቅ የከረመ ግሬደር፣ ክረምት ሲገባ ማዳበሪያ የጫነውን መኪና ከጭቃ አያድነውም።