የራውተር በር አልከፈት ሲል



የዋይፋይዎን የይለፍ ቃል ለአንድ ጎረቤት ሰጡ እንበል። እርሱ ለእኅቱ፣ እኅቱም ለጓደኛዋ አቀበለች። ከወር በኋላ ማታ ትምህርትዎን ሊያጠኑ፣ ወይም ነገ ለአለቃዎ የሚያቀርቡትን ጽሑፍ ሊልኩ ሲሉ መስመሩ ይንቀረፈፋል። መድኃኒቱ የይለፍ ቃሉን መለወጥ ነው፤ ነገር ግን የራውተሩ ገጽ አልከፈት አለ። ታዲያ ምን ይደረግ?

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ ይህ ገጽ ያለው በውጭ አገር ሳይሆን በራሱ በራውተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ይከፈታል። ቁጥሩን በጉግል መፈለጊያ ውስጥ የሚጽፍ ሰው፣ በጓዳው ያለውን ዕቃ ገበያ ወጥቶ እንደሚፈልግ ሰው ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በብራውዘሩ ላይ፣ በአድራሻው መስመር ነው። ነጥቡን በሰረዝ፣ ዜሮንም በፊደል እንዳይተኩ ይጠንቀቁ።

ቁጥሩስ የትኛው ነው? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በወጣው ደንብ በ10 እና በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለግል መረብ ተለይተዋል። አንዱ ቀበሌም ሌላውም ቀበሌ «የቤት ቁጥር 1» እንዳለው ሁሉ፣ አንዱ አድራሻ በብዙ ቤት ይገኛል። የጓደኛዎ ራውተር 192.168.1.1 ቢሆን የእርስዎ 192.168.0.1 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመገመት መሣሪያውን መጠየቅ ይሻላል። በአይፎን የዋይፋዩን ዝርዝር ሲከፍቱ «ራውተር» በሚለው አንጻር ቁጥሩ ይታያል፤ በዊንዶውስ ደግሞ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ «ዲፎልት ጌትዌይ» በሚለው አጠገብ ያገኙታል። የኮምፒውተርዎ የራሱ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ከራውተሩ አድራሻ አልተቀበለምና፣ ኬብሉን ወይም ዋይፋዩን ነቅለው እንደ ገና ያገናኙ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ገጹ እምቢ ቢል፣ የስልክዎን ሞባይል ዳታ ያጥፉ፤ ቪፒኤን ካለም ይዝጉ፤ ሁለቱም ጥያቄዎን ወደ ውጭ ሊወስዱት ይችላሉና። ለእንግዳ በተለየው ዋይፋይ የገቡ እንደ ሆነም ብዙ ራውተሮች ገጹን አይከፍቱም። የተሻለው መንገድ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው።

ገጹ ተከፍቶ የይለፍ ቃል ቢጠይቅዎ የሚፈልገው የዋይፋዩን አይደለም፤ የገጹ የይለፍ ቃል ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፏል።

ብዙ ሰው ግን እዚህ ሲደርስ ትዕግሥቱ ያልቅና በትንሿ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን የሪሴት ቁልፍ በመርፌ ይጫናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ቁልፏ የይለፍ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ያለውን ማስተካከያ ሁሉ ትደመስሳለች፤ የአገልግሎት ሰጪው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በውስጡ ተጽፎ ከነበረ አብሮ ይጠፋል፤ በዚያች ሌሊት ጥናቱም ጽሑፉም ይቀራል። ስለዚህ እነዚያን በወረቀት ሳይዙ አይንኳት።

በሩ በተከፈተ ጊዜ ሁለቱንም የይለፍ ቃል ይለውጡ፤ የዋይፋዩንም የገጹንም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም፣ ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች በብዙ ሺህ እየማረከ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ታላላቅ ድረ ገጾችን አሰናክሎባቸዋል። ጎረቤት የሚወስድብዎ መስመርዎን ነው፤ እንዲህ ያለው ሌባ ግን መሣሪያዎን ራሱን ይወስዳል።

አዲሱን ቃል በማስታወሻ ደብተርዎ ጽፈው ያኑሩ። ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።