ዲስኩን ከደመናው ነጥለን አንመዝነው

ኮከብ የሚወለደው ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ሲደረመስ ነው። ደመናው የሚሽከረከር በመሆኑ ቁሱ ሁሉ በቀጥታ ወደ መሃል አይወድቅም፤ ከፊሉ በጨቅላው ኮከብ ዙሪያ ዝርግ ዲስክ ይሠራል፤ ፕላኔቶችም የሚፈጠሩት ከዚሁ ዲስክ ነው። ብዙዎቹ የፕላኔት አፈጣጠር ስሌቶች ግን የሚነሡት ደመናው ተሟጦ፣ ዲስኩ የተወሰነ ቁስ ይዞ ብቻውን ከቀረበት ጊዜ ነው። ይህ አነሣስ ሊታረም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት በፐርሲየስ ደመና ውስጥ ወደሚገኘው ፐር-ኤምብ-2 የሚወርድ የጋዝ ጅረት አሳይቷል። የጅረቱ ርዝመት ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 10,500 ጊዜ ያህል ያጥፋል። ኤችኤል ታውሪም ሌላ ምስክር ነው። አልማ የተባለው የቺሊ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2014 የዲስኩን ቀለበቶች አጥርቶ ሲያሳይ፣ ብዙዎቻችን የፕላኔት አፈጣጠር መጀመሩን አየንበት። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምልከታዎች ግን ወደዚያው ዲስክ ገና ጋዝ እየወረደ መሆኑን አመልክተዋል። እንግዲህ ማዕዱ ሳይነሣ እንግዳው መብላት ጀምሯል ማለት ነው።

ጉዳዩ የቁስ ሒሳብ ነው። ከ1 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባላቸው በርካታ ዲስኮች የተለካው አቧራ፣ እስካሁን የምናውቃቸውን ፕላኔቶች ለመሥራት ያንሳል። የጉድለቱ አንዱ ምክንያት የልኬት ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ ጥቅጥቅ ባለበት ሥፍራ የውስጡ አቧራ ተሸፍኖ ይቀራልና። ሆኖም ገባሮቹን ሳይቆጥር የጣናን ውኃ የሚያሰላ ሰው እንደሚሳሳት ሁሉ፣ ዘግይቶ የሚገባውን ጋዝ የዘነጋ ስሌትም ይስታል።

ጅረት በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ አልታየም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንቴናዎችን አጣምረው የሚሠሩ ቴሌስኮፖች ጥቃቅኑን ሲያጎሉ፣ በሰማይ ላይ ተዘርግቶ የሚገኘውን ደብዛዛ ጋዝ ሊያጡት ይችላሉ። ስለዚህ አለመታየቱ ብቻውን አለመኖሩን አያረጋግጥም።

በመሆኑም ዲስክን የሚያጠና ሁሉ የአካባቢውን ደመና ሰፊ ካርታ አብሮ ይመርምር፤ ስሌቱም የሚገባውን ጋዝ እንደ አንድ ተለዋዋጭ ይያዝ። የአልማ መዝገበ መረጃ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ይህን ሥራ ከአዲስ አበባ ሆኖም መጀመር ይቻላል።