የቲቸር መታሰቢያ በየወሩ የሚገዛ መድኃኒት ይሁን

ለመምህራችን የመታሰቢያ ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም በአገር ቤትና በውጭ ለምትገኙ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በሙሉ፤

የመምህራችን ሙት ዓመት እየተቃረበ ነው። ኮሚቴው የላከልንን ዕቅድ ሁላችንም አይተነዋል፦ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚቆም የነሐስ ሐውልት፣ በቀለም የሚታተም የመታሰቢያ መጽሔትና በሆቴል የሚደረግ የእራት ግብዣ። ይህን ያቀዳችሁት ቲቸርን ስለምትወዷቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ከመካከላችሁ በሕመማቸው ዘመን ቤታቸው እየተመላለሳችሁ ያስታመማችኋቸው አላችሁ፤ በቀብራቸው ዕለት አስከሬናቸውን የተሸከማችሁም አላችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልለምናችሁ ነው። ለሐውልቱና ለግብዣው የታሰበው ገንዘብ፣ እሳቸውን ዓመት ከዓመት እያደከመ የወሰደብን የፓርኪንሰን በሽታ ላለባቸው ችግረኛ ሕሙማን መድኃኒት መግዣ ይዋል።

ጂኦሜትሪ ያስተማሯችሁ ታስታውሳላችሁ። ኮምፓስ ሳይዙ ክንዳቸውን ከትከሻቸው አዙረው በጠመኔ ክብ ሲሠሩ መነሻውና መድረሻው ይገጥም ነበር። በመጨረሻዎቹ የማስተማር ዓመታቸው የደረሱ ተማሪዎች የሚያስታውሱት ግን ሌላ ነው። ጽሑፋቸው ከሰሌዳው ግራ ጠርዝ በደህና መጠን ይጀምርና ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር እየደቀቀ፣ ፊደሉ እርስ በርሱ እየተደራረበ፣ መጨረሻው ላይ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሊያነበው የማይችል ይሆናል። «አረጁ» ተባለ። ፊታቸው ፈገግታ ሲያጣ ደግሞ «ቲቸር ኮሩ» ያለም ነበር። ሁለቱም የበሽታው ምልክቶች ነበሩ። የእጅ ጽሑፍ ይደቅቃል፤ የፊት ጡንቻ ስለሚገተር ሰውየው ውስጡ እየሳቀ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ማሽተት አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መወራጨትና መጮህ ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምሩ ይችላሉ። ይህን ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱበት ጊዜ ይፈጥን ነበር።

በሽታው በስሙ የሚጠራለት እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ስለ ሕመሙ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። ዛሬ የሚታወቀው፣ እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ እንደሚሞቱ ነው። እጅ መንቀጥቀጥና እግር መጎተት ሲጀምር ከእነዚህ ሴሎች ብዙዎቹ አልቀዋል። የሞቱትን የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። የጎደለውን የሚተካ ግን አለ፤ ሌቮዶፓ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1961 ቪየና ላይ ለሕሙማን ተሰጥቶ ከአልጋ ያልተነሱ ሰዎች ሲራመዱ ታየ። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመሩ በአፍ መስጠት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ካርቢዶፓ ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ኪኒን ተቀላቅሎ ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ከእናንተ የብዙዎቻችሁን ዕድሜ የሚበልጥ መድኃኒት ነው።

ባደጉት አገሮች በሚወዱት ሰው ስም ገንዘብ ሲያዋጡ ለምርምር የሚሰጡ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት፣ እነሱ ዘንድ በበጋው፣ ሰዎች በረዶ ያለበት ባልዲ ውኃ ራሳቸው ላይ ሲያፈሱ አይታችኋል። ያ ዘመቻ ኤ ኤል ኤስ ለተባለው ሌላ የነርቭ በሽታ ለሚሠራው የአሜሪካ ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገኝቷል፤ ከገንዘቡ የተደገፈ ምርምርም ከበሽታው ጋር የተያያዘ ዘረመል እስከማግኘት ደርሷል። እጅግ ጥሩ ሥራ ነው። እኛ ግን የተገኘውን መድኃኒት ገና አልጠገብንም። ለምርምር የሚሆነውን እነሱ ያዋጡ፤ እኛ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተገኘው ኪኒን ሰው እጅ እንዲገባ እናዋጣ።

ሥራዬ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለሆነ የማየውን ልንገራችሁ። ሰውየው ማዘዣውን በሚንቀጠቀጥ እጁ ያቀብለኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚያቀብለኝ አብራው የመጣችው ልጁ ናት። ዋጋውን ይጠይቃሉ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ «ለጊዜው አሥር ፍሬ ስጠን» ይላሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ውሰድ ለተባለ ሰው አሥር ፍሬ ለሦስት ቀን ነው። አንዳንዱ አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰብሮ ያዘልቀዋል። ገንዘቡ ኖሮ መድኃኒቱ ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከተክለሃይማኖት እስከ ጎፋ መድኃኒት ቤቶችን ሲያስሱ ይውላሉ። ይህ መድኃኒት ደግሞ ዛሬ ካጣሁት ነገ እወስደዋለሁ የሚባል አይደለም። በድንገት ሲቋረጥ ሰውነትን ገትሮ፣ ኃይለኛ ትኩሳት አስከትሎ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ቲቸር ቤት ይህን በዓይናችን አይተናል። ባለቤታቸው ኪኒኑን ከምግብ በፊት በሰዓቱ ያቀርቡላቸው ነበር፤ ሥጋና ወተት የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያውኩ ምሳቸውን ሳይቀር በሰዓት አደላድለውት ነበር። መድኃኒቱ ሲሠራ ጋዜጣ ያነባሉ፤ የጎረቤት ልጆችን የቤት ሥራ ያርማሉ። ባለቀ ጊዜ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚወስደው በር ላይ እግራቸው ከወለሉ የተጣበቀ ይመስል ቆመው ይቀራሉ። ሐሳባቸው አልታሰረም፤ ሰውነታቸው ብቻ እምቢ ይላል። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ከዋሽንግተን በሻንጣ ኪኒን ይዛችሁ እየመጣችሁ ያተረፋችኋቸው ወራት ነበሩ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሆኖም ውጭ አገር ተማሪ የሌለው ሕመምተኛ ሻንጣ የሚጭንለት የለውም።

«የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ አገር ስንት ሰው ቢኖር ነው?» የሚል ካለ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያደረጉትን ያስታውስ። ከ60 ሺህ የሚበልጥ የገጠር ሕዝብ ቤት ለቤት እየዞሩ የነርቭ በሽታዎችን ሲመረምሩ ፓርኪንሰንም ከተገኙት አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዕድሜ የገፋው ሕዝባችን በዝቷል። ብዙው ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ጠጪ ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው እንዳይባል ቤተሰቡ ከእንግዳ ይደብቀዋል። ጠበል የሚሄዱትን አከብራለሁ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡ የሚነግራቸው ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል።

ኮሚቴው የሚሰበስበው ገንዘብ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይሁን ስል እማጸናለሁ። ሕመሙ የዕድሜ ልክ ስለሆነ እያንዳንዳችን አቅማችን የፈቀደውን በየወሩ እናዋጣ፤ ዕድራችንን እንደምንከፍል፣ ሳናቋርጥ። አዲስ ድርጅት ማቋቋምም አያሻንም። በሽታውን በራሳቸው ላይ ያወቁት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ሄደን ምን እንደጎደለ እንጠይቅ። ግዢው ፈቃድ ባለው አስመጪ በኩል፣ በደረሰኝ ይሁን። ከመካከላችን ሐኪሞች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና ጠበቆች አሉ፤ መምህራችን ያስተማሯችሁን ለዚህ ስጡ። የዓለም የፓርኪንሰን ቀን የሚከበረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11፣ በእኛ ሚያዝያ 3 ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት በዚያ ቀን ቢታደል ምንኛ ደስ ባለኝ።

«ስማቸው ይረሳል» ብላችሁ አትስጉ። መዋጮው በስማቸው ይጠራ፤ ደረሰኙ ላይ ስማቸው ይታተም። መጽሔቱም ቢሆን ይታተም፤ ነገር ግን ግማሽ ገጹ ላይ የበሽታው ምልክቶች ተዘርዝረው በየትምህርት ቤቱ ላሉ መምህራን ይዳረስ። ባለቤታቸውንም አማክሩ። አሥር ፍሬ መግዛት ምን እንደሆነ ከእኛ ሁሉ አብልጠው ያውቃሉና የእሳቸው ቃል ከእኔ ደብዳቤ ይቅደም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሐሳብ ለድምፅ እንድታቀርቡት በትሕትና እጠይቃለሁ። የእኔ የመጀመሪያ ወር መዋጮ ዝግጁ ነው፤ የኮሚቴውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተማሪያቸው