የብረት ዋጋና የሰው እጅ

ቤት የሚለቅ ሰው አልጋውንና ድስቱን ለማዛወር እምብዛም አይቸገርም። የአናጺ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። የእንጨት መላጊያውና የመሰንጠቂያው መኪና አካላቸው ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ፥ አንዱ ብቻ ከሦስት እስከ አምስት ኩንታል ቢመዝን አያስደንቅም።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤቱን ከኮልፌ ወደ ዓለም ገና ሲያዛውር ለመርዳት ሄጄ ነበር። የተሰበሰቡትም ስምንት ጎረምሶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ መላጊያውን እንዳለ ለማንሣት ቸኰሉ። ሎሚ ለየሰው ይከፋፈላል፤ ብረቱ ግን አንድ ነው። አንዱ «አንሡ!» ሲል ሌላው «ቆዩ!» አለና መኪናው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። አንድ ለማጅ ወጣትም ሊደግፈው እጁን ዘረጋ። በዚህ ጊዜ የወንድሜ ሚስት ከደጃፍ ሆና «ተወው፥ ይውደቅ!» ብላ ጮኸች። ልጁ ወደ ኋላ ዘለለ፤ መኪናውም ወድቆ የጠረጴዛው ጠርዝ ተሰበረ።

ወንድሜ በጥፋቱ አዝኖ ሚስቱን ሊቈጣ ቃጣው። እርስዋ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ይፍረዱን፤ ብረት ይገዛል፤ የሰው እጅ ከየትኛው ሱቅ ይገኛል?» አለችኝ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ለእርስዋ ፈረድሁ። ወንድሜም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ሄዶ የልጁን እጅ ይዞ ተመለከተ።

ከዚያም አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠርተው ሥራው በሥርዐት ሆነ። «ትእዛዝ የምሰጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ ‹ቁም!› ማለት ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው» አሉ። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ በባለሙያ ተቋረጠ። ስለቶቹ ወጥተው በጨርቅ ተጠቀለሉ፤ ሞተሩና ጠረጴዛው ለየብቻ ተፈቱ፤ ብሎኖቹም በየጣሳው ሆነው የየትኛው እንደ ሆኑ ተጻፈባቸው። ሊፈታ ያልቻለውን በዲጅኖ ጥቂት ጥቂት እያነሡ ከሥሩ የብረት ቱቦዎች አስገቡለት። ከኋላ የወጣውን ቱቦ መልሰው ከፊት እያደረጉ፥ ስምንት ሰው ያቃተውን አራት ሰው ገፋው። በሁለት መንኮራኩር ላይ የሚዞር ቀበቶ መሰል ስለት ያለው ረጅሙ መጋዝ ከላይ ስለሚከብድ፥ በካሚዮኑ ላይ በመጫኛ ጠበቅ ተደርጎ ታሰረ።

በአዲሱም ቤት እያንዳንዱ መኪና በውሃ ልክ ተስተካከለ። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራልና፥ ስለቱ ሳይገባ አዟዟሩ አስቀድሞ ታየ።

ከባዱን ነገር ከፋፍሎ ማንሣት የድካም ምልክት አይደለም። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የተወሰደው፥ 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው በሦስት ክፍል ሆኖ በአውሮፕላን ነው፤ በ2000 ዓ.ም.ም በስፍራው እንደ ገና ቆመ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሥራ ቤትህን ለማዛወር ስታስብ ሰው ከመሰብሰብህ በፊት የበሩን ስፋት ለካ፤ ሕፃናቱን ከግቢው አርቃቸው፤ ዕቃ ቢሰበር ወይም ሰው ቢጐዳ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ከተሸካሚዎቹ ጋር አስቀድመህ በጽሑፍ ተዋዋል። ከሁሉም በላይ የሚወድቀውን መኪና ማንም እንዳይደግፈው ለሁሉም ንገር።

የወንድሜ መላጊያ ጠርዙ እንደ ተሰበረ እስከ ዛሬ ይሠራል። ያም ወጣት በሁለት ሙሉ እጆቹ ሳንቃ ይገፋበታል።