ለላቦራቶሪ ውሃም በጀት ይያዝለት
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ ኃላፊ፣
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከዳንግላ የምጽፍልዎ ስለ ውሃ ነው፤ ስለ መጠጥ ውሃ ግን አይደለም። ዳንግላ ዝናብ የማያጣት አገር ናት። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ጉድጓድ የቆፈረ ገበሬም ብዙ ሳይወርድ ውሃ ያገኛል። የእኔ ጉዳይ በሆስፒታሎቻችንና በጤና ጣቢያዎቻችን ላቦራቶሪ ከኬሚስትሪ ማሽኑ አጠገብ በጀሪካን ተሞልቶ የሚቀመጠው ውሃ ነው። በዞናችን በላቦራቶሪ ሙያ የሠራ ሰው ይህን ጀሪካን ያውቀዋል። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ሲያልቅ ምርመራ ይቆማል፤ ሕመምተኛው ይመለሳል፤ ሪፖርት ይጻፋል። ውሃው ሲበላሽ ግን ምንም አይቆምም። ማሽኑ ቁጥር ማውጣቱን ይቀጥላል፤ ሐኪሙም ቁጥሩን አምኖ መድኃኒት ያዝዛል።

ለላቦራቶሪ ንጹሕ የሚባለው ውሃ ምን ዓይነት እንደሆነ በቁጥር የተወሰነ ነው። አይኤስኦ 3696 የተባለው እ.ኤ.አ. የ1987 ዓለም አቀፍ መለኪያ የላቦራቶሪ ውሃን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ዝቅተኛ በሚባለው በሦስተኛው ደረጃ እንኳ የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በሴንቲ ሜትር ከ5 ማይክሮሲመንስ ማለፍ የለበትም፤ በአንደኛው ደረጃ ከ0.1። የቧንቧ ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ በመቶዎች ይለካል። ለጤና ተስማሚ የሆነው፣ ልጆቻችን የሚጠጡት ውሃ ማለቴ ነው። ማፍላትም መፍትሔ አይሆንም፤ ጀርሙን ይገድላል እንጂ የሟሟውን ማዕድን አጥርቶ አያወጣም። ከጋራዥ የሚገዛው የባትሪ ውሃም ለመኪና ባትሪ እንጂ ለሰው ደም ምርመራ ተብሎ አልተዘጋጀም፤ ባክቴሪያውን የቆጠረለት ሰው የለም።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። ማሽኑ የሚስተካከልበት ካሊብሬተር ብዙ ጊዜ በዱቄት መልክ ይመጣና በውሃ ይሟሟል። የካልሲየሙ መጠን በዴሲ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ነው እንበል። የተሟሟበት ውሃ በሊትር 40 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካለው (ይህ ለጉድጓድ ውሃ የሚያስደንቅ መጠን አይደለም) ካሊብሬተሩ ውስጥ ያለው 13 ይሆናል። ማሽኑ ግን 9 ነው ተብሎ የተነገረውን ይዞ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ካልሲየሙ ትክክለኛ 9 የሆነ ሰው ሲመረመር ውጤቱ ወደ 6 ዝቅ ብሎ ይወጣል። ጤነኛው ሰው በወረቀት ላይ ታማሚ ሆነ ማለት ነው። ማግኒዚየም፣ ብረትና ፎስፌትም በዚሁ መንገድ ይዛባሉ። ባክቴሪያ በማሽኑ ቱቦ ውስጥ ሲራባ ደግሞ የራሱን ኢንዛይም ስለሚለቅ አልካላይን ፎስፋቴዝን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉበቱ ያልታመመ ሰው የጉበት ሕመምተኛ ተብሎ ይጠረጠራል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ የወባ ስላይድ ይበዛል። የስላይዱ ማቅለሚያ ጊምሳ የሚበጠበጥበት ውሃም ፒኤች 7.2 መሆን አለበት። ከዚያ ከወጣ ቀለሙ ይዛባል፤ የወባውን ዝርያ መለየት የሚረዱ ምልክቶችም ይደበዝዛሉ። ዝርያው ሲሳት መድኃኒቱም ይሳታል።

ማጣሪያ ወይም ዲስቲለር የተሰጣቸው ላቦራቶሪዎች አሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ደለል የበዛበት የክረምት ውሃ የማጣሪያውን ካርትሪጅ ፈጥኖ ይደፍነዋል፤ የዲስቲለሩ ማሞቂያ ኖራ ይይዘዋል፤ መብራት ይጠፋል። መተኪያው በበጀት መደብ ውስጥ ስለሌለ ዕቃው ጥግ ይይዝና ጀሪካኑ ይመለሳል። ማጣሪያን ገዝቶ ካርትሪጅን አለመግዛት መኪና ገዝቶ ነዳጅ እንደመከልከል ነው። ከአንድ ማእከል አምርቶ ማደልም ብቻውን አይበቃም፤ እጅግ የተጣራ ውሃ አየር ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፣ ከዕቃውም ማዕድን ያሟሟል፣ ሲቆይም ባክቴሪያ ያበቅላል። ስለዚህ ማሽኑ ባለበት ቦታ መመረትና በዕለቱ መለካት አለበት።

መለካቱ ከባድ ነው የሚል ካለ እዚሁ ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንግሽታ ቀበሌ ይምጣ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች የዝናቡን መጠን፣ የጉድጓዱን ውሃ ጥልቀትና የወንዙን ከፍታ በመደበኛነት እየለኩ መዝግበዋል። የእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መዝገቡን ከሌሎች የመለኪያ መረጃዎች ጋር አነጻጽረው ለሳይንስ የሚበቃ ሆኖ አግኝተውታል፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ገበሬው በየማለዳው የሚለካውን ያህል የላቦራቶሪ ባለሙያው በየማለዳው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅምን የሚለካውን ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ውሃው ውስጥ ነክሮ አንድ ቁጥር ቢጽፍ አያቅተውም። መሣሪያውን ስጡት፤ መዝገቡን ጠይቁት።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ግልጽ ነው። ቢሮው ውሃን ከሪኤጀንት እኩል ይቁጠረው። የኬሚስትሪ ማሽን ባለበት ተቋም ሁሉ የሪቨርስ ኦስሞሲስና የሬዚን ማጣሪያ፣ ከመብራት መቆራረጥ የሚታደገውም ባትሪ ይኑር፤ የካርትሪጅና የሬዚን መተኪያም በየዓመቱ በጀት ውስጥ በስሙ ይጻፍ። የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ለጥራት ቁጥጥር ሲወርድ የውሃውን መዝገብ ከማሽኑ የጥራት መከታተያ (ኮንትሮል ቻርት) ጋር አብሮ ይይ። ማሽን በጨረታ ሲገዛም የሚፈልገው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ያልተጻፈበት ሰነድ አይፈረም። የባክቴሪያ ቆጠራውንና ጥልቅ ምርመራውን ደግሞ ከቅርባችን ያለው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቢያግዝ ሁለታችንም እንጠቀማለን፤ ተማሪዎቹ እውነተኛ ሥራ ያገኛሉ፣ ሆስፒታሎቹም ናሙና ይዘው ባሕር ዳር ከመሄድ ይድናሉ።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት የላቦራቶሪ ውሃ የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከዳንግላ፣ አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ