አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩት

በጀሞ፣ በአያት፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወላጆችና አያቶች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በብሎካችሁ ውስጥ «እሳቸውን እኮ ካየኋቸው ቆየሁ» የምትሏቸው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት የሉም? አልታመሙም፣ አገር ቤትም አልሄዱም። ቤታቸው ናቸው። ግን ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው።

በእኛ ብሎክ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ እናት ለጥምቀት ወርደው ታቦት ሸኝተው ከተመለሱ ወዲህ ምድር የረገጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ለሐኪም ቤት ቀጠሮ። ሁለተኛው አባት ጡረተኛ ናቸው። እሳቸው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ጠዋት ይወርዳሉ። ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጋዜጣቸውን ገዝተው፣ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም ብለው እኩለ ቀን ላይ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሚቀጥለው እሁድ በረንዳ ላይ ናቸው።

ነገሩ የመጣው በማንም ክፋት አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር አብዛኞቹ ብሎኮች ጂ ፕላስ 4 ሆነው፣ ያለ አሳንሰር ተሠሩ። ዋጋው ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ሰው እንዲቀመስ ተብሎ ነው። አሳንሰር ቢኖረውማ ማን ይገዛው ነበር? በኋለኞቹ ዙሮች ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተመድቦ ነበር። ጥሩ ነው። ነገር ግን ዕጣ የሚያየው ያን ዕለት የነበርንበትን ሁኔታ ነው፤ እኛ ደግሞ በዚያው አንቆይም። የዛሬ 15 ዓመት ቁልፍ ሲረከቡ 57 ዓመታቸው የነበሩ ሰው ዛሬ 72 ናቸው። ያን ጊዜ አራተኛ ፎቅ ሲደርሳቸው እልል ተብሏል። «አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሌባ አይደርስበትም፣ አቧራም የለው» ያልናቸው እኛው ነን። ደግሞም እውነት ነበር።

የእኛን ብሎክ ደረጃ ቆጥሬዋለሁ፤ ከመሬት እስከ አራተኛ ፎቅ 72 ነው። ለልጆች ጨዋታ ነው፣ ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይጨርሱታል። የጉልበት ሕመም ላለበት ሰው ግን መውጣቱ ያደክማል እንጂ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። የሰውነት ክብደት ሁሉ በአንድ ጉልበት ላይ ያርፋል፣ ዓይን ደግሞ የደረጃውን ጠርዝ በደንብ አይለይም፤ መብራት ከሌለ ወይም አምፖሉ ከተቃጠለ ጭራሹን አይታሰብም።

ከዚህ ሌላ ማንም ደፍሮ የማያወራው ችግር አለ። ደም ግፊት ያለባቸው ብዙ አባቶችና እናቶች የሚወስዱት መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ሽንት ያመላልሳል። ታች ወርደው ፀሐይ እየሞቁ ከጎረቤት ጋር ሲያወጉ ሽንታቸው ቢመጣ መጸዳጃ ቤታቸው ያለው 72 ደረጃ ላይ ነው። ይህን ለልጅ መናገር ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ «ዛሬ ደከመኝ፣ ነገ እወርዳለሁ» ይላሉ። እኛም እውነት ይመስለናል። አንዳንዶቹማ ለመውጣት ባሰቡ ቀን ኪኒናቸውን ሳይውጡ የሚሄዱ አሉ፤ ይህ ደግሞ ጨርሶ አደገኛ ነው። እናት ወይም አባት ያላችሁ ሰዎች ይህን አንድ ነገር በዘዴ ጠይቁ። መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር ቀላል ነው። ግራውንድ ላይ የሚኖር ጎረቤት ደግሞ «እማማ፣ ሲያስፈልግዎ የእኛን ቤት ይጠቀሙ» ቢላቸው ያ ቃል ብቻውን ከቤት ያወጣቸዋል።

ውኃውን ታውቁታላችሁ። በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ግፊቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧው ትንሽ አየር ያፏጫል፣ በቃ። ታች ሮቶ አስቀምጠው በፓምፕ የሚገፉ ብሎኮች አሉ፤ እነሱ ዕድለኞች ናቸው። ሌላው በጀሪካን ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ጎረምሳ ልጅ የሌለው ቤት በየጀሪካኑ ከፍሎ ያስወጣል። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ደግሞ ገንዘቡን ስለሚሰስቱ ውኃውን ይቆጥባሉ፤ ቡና ማፍላት ይቀራል፣ ቡና ከቀረ ጎረቤት መጥራት ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ብዙዎቹ የመጡት ከቀበሌ ቤት ነው። ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ከፒያሳ ጀርባ። የቀበሌ ቤት ኑሮ ምቾት ነበረው ብዬ አልዋሽም፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ መጸዳጃው ለስንት አባወራ አንድ ነበር። ግን በሩ ክፍት ነው። ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ሽንኩርት እየላጡ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ማለት ነበር። ሰው ለማግኘት መነሳት አያስፈልግም፤ ሰው ራሱ ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን መንገደኛ የለም። እዚያ የሚደርስ ሰው ሆን ብሎ የመጣ ብቻ ነው። ሆን ብሎ የሚመጣ ደግሞ ስንት ነው?

ዕድሩንም አስቡት። ብዙ አዛውንቶች ዕድራቸውን አልቀየሩም፤ 30 እና 40 ዓመት የከፈሉበት የድሮ ሰፈር ዕድር ነው። መዋጮውን በልጅ ይልካሉ፣ ቀብር ግን መድረስ አልቻሉም። በሰፈሩ ወግ ደግሞ ያልቀበረ፣ ያላስተዛዘነ ሰው ራሱን እንደ ባለ ዕዳ ይቆጥራል። ከላይ የነገርኳችሁ እናት አንድ ቀን «እኔ ስሞት ማን ይመጣል ልጄ? እኔ የማንንም አልደረስኩ» አሉኝ። «ኧረ እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው፣ ሁላችንም እንመጣለን» አልኳቸው። «እናንተማ ጎረቤት ናችሁ፤ የምለው እነዚያን ነው» አሉ። የድሮ ሰፈራቸውን ሰዎች ማለታቸው ነው። አሁን ያ ሰፈር ፈርሷል፣ ሰዎቹም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ምናልባት ግማሾቹ እንደ እሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ይሆናሉ።

ልጆች ደግሞ የጎደለባቸው የለም ብለው ያምናሉ። ዲሽ ተተክሏል፣ ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው፣ ሠራተኛ አለች፤ ውጭ አገር ያሉትም ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ይደውላሉ። ይህን አላጣጥልም፤ እንኳንም አደረጋችሁ። ነገር ግን አያትን ቤት ጠባቂ ማድረግና አያትን መጦር አንድ አይደለም። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ በር የሚከፍት ሰው ስለሚያስፈልግ ብቻ «እማዬ ቤት መዋል ነው የሚወዱት» የምንል አለን። ጠይቀናቸው እናውቃለን?

አሁን ወደ ሠራነው ልምጣ። ከእኛ ጎን ባለው ብሎክ ባለፈው ዓመት አንድ ጥሩ ነገር ተደርጓል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አያትና ግራውንድ የሚኖሩ ባለ ሁለት ልጆች ወጣት ባልና ሚስት ቤት ተለዋወጡ። አልተሻሻጡም፤ ካርታው በየስማቸው እንደነበረ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቤት ለሌላው አከራየ። ሁለቱም ባለ ሁለት መኝታ ስለነበሩ የኪራይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግራውንዱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ወደድ ስለሚል የአያትየው ልጅ በየወሩ ልዩነቱን ይከፍላል። ውሉ ሦስት ምስክር ባለበት ተጻፈ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ በገቡበት ቀን ተመዝግቦ ፎቶ ተነሳ፤ ማን የቱን እንደሚከፍል፣ ቢጣሉ ወይም አያትየው ቢያልፉ በስንት ወር ውስጥ ቤቱ እንደሚመለስ ሁሉ ተጽፏል። የመጨረሻውን ነገር ለመጻፍ አፍረው ነበር፤ ያስጻፉት አያትየው ራሳቸው ናቸው።

ወጣቶቹን ምን አነሳሳቸው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጽድቅ ብቻ አይደለም። ግራውንድ ቤት የራሱ መከራ አለው። የፍሳሽ ማንሆሉ ሲሞላ ሽታው የሚገባው እዚያ ነው። ኳስ መስኮት የሚሰብረው እዚያ ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት የሚገባ ሰው ሁሉ መኪናውን የሚያስነሳና የሚያጠፋው በመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነው። እነሱ እንቅልፍ አገኙ፣ አያትየው ደግሞ ደጃፍ። አሁን በራቸው ላይ ከሰል አቀጣጥለው ቡና ያፈላሉ፣ የሰፈሩ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን እዚያ ጥለው ይጫወታሉ። ለእናቶቹም ግልግል ሆኗል።

ይህ ለሁሉም አይሆንም፤ አውቃለሁ። ቤቱ ስቱዲዮ ከሆነ፣ ግራውንዱ ለንግድ የተሸጠ ከሆነ የሚለዋወጥ አይገኝም። ለእነዚያ ብሎኮች ትናንሽ ሥራዎች አሉ። በየፎቁ መታጠፊያ ላይ አንድ ወንበር ማስቀመጥ፤ ሰው አርፎ እንዲወጣ። የደረጃውን ጠርዝ በነጭ ቀለም መቀባት፤ አንድ ጣሳ ቀለም ለብሎኩ ሁሉ ይበቃል። የተነቀለውን መደገፊያ ብረት ማስበየድ። አምፖል መቀየር። ደረጃው ላይ የሚከመረውን አሮጌ ሶፋ፣ የከሰል ማዳበሪያ፣ ብስክሌትና የአበባ ቆርቆሮ ማንሳት።

ይህን ስትሉ «እኔ አንደኛ ፎቅ ነኝ፣ የላይኛው መብራት ምን አገባኝ» የሚል ሰው ይነሳል። በእኛም ስብሰባ ተነስቷል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለዚህ መልስ አለው፤ ደረጃ፣ ኮሪደርና ጣሪያ የጋራ መጠቀሚያ ናቸው፣ ወጪያቸውም የሁሉም ባለቤቶች ነው። ጣሪያው ሲያፈስ አራተኛ ፎቅ ያሉት ብቻ ይክፈሉ እንደማይባል ሁሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ሰው በድንገት ሲታመም የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ በ939 ይጠራል። ቁጥሩን ትልቅ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ከበሩ ጀርባ ለጥፉ። ነገር ግን አምቡላንሱ ግቢ ደርሶ የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የብሎኩ ቁጥር ቀለሙ ለቆ አይነበብም፣ የግቢው በር ተቆልፎ ጥበቃው ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል፣ መኪና መንገዱን ዘግቷል። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ቃሬዛ መታጠፊያው ላይ አይዞርም። መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጦ በብርድ ልብስ አስሮ ሁለት ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ማውረድ ይሻላል፤ ከወደቁና አጥንታቸው ተሰብሯል የሚያሰኝ ነገር ካለ ግን ባለሙያው እስኪመጣ አለመነካካት ነው። የብሎኩ ጎረምሶች አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱን አስቀምጠው ቢለማመዱት አይጎዳም። የእኛዎቹ ተለማምደዋል፤ እየተሳሳቁ ነበር ያወረዱት፣ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ግን ሁሉም ዝም አሉ፤ ከባድ ነው።

የብሎካችን ስብሰባ የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። አጀንዳው የደረጃ መብራትና መደገፊያ ብረት ነው። እንደ ሁልጊዜው ኮሚናሉ ግቢ ይደረግ ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ አንዷ እናት «ስለ አራተኛ ፎቅ ሰዎች ታች ተሰብስበን ምን እናወራለን?» ብለው ተነሱ። ስለዚህ ቦታው ተቀይሯል፤ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ነው። ሁሉም የሚቀመጥበትን በርጩማ ይዞ እንዲወጣ ተብሏል፤ ከየቤቱ ደግሞ አንድ አንድ ጀሪካን ውኃ።