ነጯ የት ትደር?

ሐምሌ ላይ ዳንግላ ዝናቡ ከያዘ መሄጃ የለም፤ ወይ ቡና ቤት ነው ወይ ፑል ቤት። የእንጅባራ መኪና እስኪሞላ ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። የፑል ቤቶቻችን ሕግ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። አራት ጊዜ ተከታትዬ ከፈልኩ።

ያሸነፉኝ አንድ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤቱ ሁሉ “ጋሼ” ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የሚያናድደው ከእኔ የተሻለ አለመምታታቸው ነው። ከሩቅ ያለች ኳስ አይሞክሩም፤ ዱላውንም የሚይዙት እንደ መቀስ በጥንቃቄ ነው። እኔ ስመታ ቤቱ “ወይ ጉድ!” ይላል፤ ኳሷ ጓ ብላ ትገባለች፤ ነጯ ግን ወይ ተከትላት ቀዳዳ ትገባለች ወይ ጠርዝ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። እሳቸው አንዷን ነካ ያደርጉና ነጯን ከሁለት ኳሶች ጀርባ ሸጉጠው፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ይላሉ።

“ጋሼ፣ ይጫወቱ እንጂ! ይሄ መደበቅ እንጂ ጨዋታ ነው እንዴ?” አልኩ በአራተኛው ላይ። ዙሪያውን የቆሙት ልጆች ሳቁልኝ።

“ኳሷን ስታስገባ ነጯ የት እንደምታድር አስበህ ታውቃለህ?” አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ከተማሪነቴ ጀምሮ ፑል ተጫውቻለሁ፤ ያስተማረኝ ሁሉ ያስተማረኝ ማስገባት ነው። በየቤቱ ኳስ መዝጋት ስሙ ፍርሃት ነው። ለተመልካች የሚጥመው የቀዳዳው ድምፅ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ተመልካቹ አይደለም።

ይህ ፍርሃት የሚሉት ነገር በአዊ ምድር ሲነገር ደግሞ ይገርመኛል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያለበት አገር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ በፈረስ ኮቴ ትናወጣለች። ጉግስ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ጀርባውን ሰጥቶ እየጋለበ ጋሻውን ወደ ኋላ ይመልሳል። ዘንጉ ጋሻው ላይ ሲያርፍ ከአጠገቤ የነበሩት ሴቶች እልል ያሉት ለመካቹ ነበር። የሸሸ ነው ያለ አልሰማሁም። የመካቹ ልጅ ፑል ቤት ገብቶ ነጯን ከሸጎጠ ግን ፈሪ ይባላል።

መከላከል ከነሥርዓቱ የሚታይበት የፑል ዓይነት ስትሬት ፑል የሚሉት ነው። እኛ ጋ የለመድነው የስምንት ቁጥሩ ጨዋታ ነው፤ ሙሉ የአንዱ፣ ባለ መስመር የሌላው፣ ጥቁሯ በመጨረሻ። በስትሬት ፑል “የእኔ ኳስ” ብሎ ነገር የለም። አሥራ አምስቱም የሁለታችሁ ናቸው፤ የምታስገባትን ኳስና ቀዳዳውን ጠርተህ ትመታለህ፤ አንዷ አንድ ነጥብ ናት፤ መቶም ይሁን መቶ ሃምሳ የተስማማችሁበት ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። አሥራ አራቱ ሲገቡ አንዷ ባለችበት ትቆያለች፤ አሥራ አራቱ እንደገና ይደረደራሉ፤ ያው ሰው ይቀጥላል። ይህን መላ ያመጣው ጀሮም ኪዮ የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1910 ነው። መላው ጥሩ መቺን ማቆሚያ አሳጣው። ዊሊ ሞስኮኒ እ.ኤ.አ. በ1954 ኦሃዮ ውስጥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሳይስት 526 ኳስ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጆን ሽሚት 626 አደረሰው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት አንዲት ክፍት ኳስ ትተህ ከተቀመጥክ ዱላህን ይዘህ ጣሪያ ስትቆጥር ታመሻለህ።

ስለዚህ አከፋፈቱ ራሱ የተለየ ነው። እኛ ክምሩን በሙሉ ጉልበት እንበትናለን። እዚያ መበተን ለባላጋራ ማዕድ መዘርጋት ነው። ከፋቹ የጥጓን ኳስ በስሱ ነክቶ ነጯ ጠርዝ ለጠርዝ ዞራ ወደተነሳችበት ወገን እንድትመለስ ያደርጋል። ሕጉ ግን ዝም ብሎ መነካካትን አይፈቅድም፤ ጠርቶ ካላስገባ በቀር ነጯና ሌሎች ሁለት ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው፤ አለዚያ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል። ከዚያ በኋላም ኳስ መንካት ብቻ አይበቃም፤ ምንም ካልገባ ቢያንስ አንዷ ጠርዝ መድረስ አለባት። ለዚህ ነው መከላከል የሰነፍ ሥራ ነው የሚለኝን የማልሰማው። ኳስ ስታስገባ የምታስበው ስለ አንዲት ቀዳዳ ነው፤ ስትዘጋ ስድስቱንም በሌላው ሰው ዓይን ማየት አለብህ።

ከሕጎቹ ሁሉ የምወደው የጥፋቱን ነው። አንድ ጥፋት አንድ ነጥብ ያስቀንሳል። መውጫ ያጣ ሰው አውቆ ነጯን ነካ አድርጎ አንዷን ይከፍልና ችግሩን ለባላጋራው ይመልሳል። ባላጋራውም ያንኑ ይመልስለታል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያጠፋ ግን ከሦስቱ ላይ 15 ተጨምሮ በድምሩ 18 ነጥብ ያጣል። እልህ ዋጋው በቁጥር ተጽፎ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። “እስከ ሃያ እንሞክረው” አሉና ከኪሳቸው የልብስ ጠመኔያቸውን አውጥተው ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ።

የዚያች ጠረጴዛ አንድ እግር ሥር የተጣጠፈ ካርቶን አለ። ዝግ ብላ የምትሄድ ኳስ መጨረሻዋ ላይ ወደ መስኮቱ ታጋድላለች። ጋሼ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ደግሞ በእርጥበት ቀን ጨርቁ ኳስ እንደሚይዝ ያውቃሉ። አሥራ አንድ ለዘጠኝ እየመራሁ ሳለ ክምሩን ዳር በስሱ ነኩ። አንዲት ኳስ ተገፍታ ጠርዙን ሳመች፤ ነጯ ተንከባላ፣ አመንትታ፣ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብላ ከክምሩ ጋር ተጣበቀች። ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልታየችኝም።

ነካ አድርጌ አንድ አስቀነስኩ። መለሱልኝ፤ ለእሳቸውም አንድ ተቀነሰ። እንደገና አስቀነስኩ። ይህን ጊዜ እሳቸው የማላያትን መንገድ አግኝተው ያለ ጥፋት ነጯን መልሰው እዚያው አስጠጓት። በጠመኔው ከስሜ ሥር ሁለት ጭረት አለ። ሦስተኛው 15 ይዞ ይመጣል። ልጆቹ ዝም ብለዋል፤ “ምታው!” የሚል አንድም የለም።

ከውጭ ረዳቱ “እንጅባራ! አንድ ሰው፣ እንጅባራ!” ይላል።

ጋሼ በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ጠመኔውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

“ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ። ነጯ እዚያው ታድራለች።”

ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።